አርባ ልጆችና አንድ መሪ

ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው ጡሩምባን የሚያውቀው በእድር ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋና ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። አያቴ ያን ድምፅ ስትሰማ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች። እኛ ልጆቹ ብርድ ልብሳችንን እንከናነባለን። እና ነሐስ ሲነፋ ምን ትዝ ይልሃል ብትሉኝ ሠርግም አይደለም፣ ሰልፍም አይደለም፤ ለቅሶ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ መብራት ጠፍቶ ጥናቱ ሁሉ በተቋረጠበት አንድ ምሽት፣ ዶርማችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔት፣ ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ዕቃ ነው። እኛ ምን አገባን? ክራርና ማሲንቆ ይበቃናል» አለ። ሌላው የአሰላ ልጅ ነው፤ «ዋሽንቱስ? እሱም እኮ የሚነፋው በአፍ ነው» ብሎ አሳቀን። እኔም አብሬ ስቄ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ «ለመሆኑ አያቶቻችን አርባ አራት ዓመት ሙሉ ቆመው የዘመሩትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልኩ።

«ማን ነው?»

«አንድ አርመን። የወላጅ አልባ ልጆች ባንድ መሪ የነበረ።»

ማንም አላመነኝም። «በል እንግዲያው ጻፈዋ!» ተባልኩ። ይኸው ጻፍኩት።

በመጀመሪያ «የፈረንጅ ዕቃ» ለሚለው መልስ ልስጥ። ነፍቶ ማስደመጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ነጋሪት፣ መለከትና እንቢልታ የሥልጣን ምልክቶች ነበሩ። ማንም ደስ ስላለው ብቻ ነጋሪት አያስጎስምም፣ እንቢልታ አያስነፋም። መለከቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ሩቅ ይሰማል፣ ያስደነግጣል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እንቢልታው ነው። እንደ ዋሽንት በጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንድ ነፊ ብቻውን ሊያወጣ የሚችለው ድምፅ በጣም ጥቂት ነው። ዜማ የሚወለደው ሦስት ሰዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሦስት እንቢልታዎች ይዘው፣ አንዱ ያቆመበትን ሌላው እየተቀበለ ሲነፉ ነው። አንደኛው ጉንፋን ይዞት ቢቀር የቀሩት ሁለቱ እጅ ላይ ያለው የዜማ ስባሪ ነው። ከኛ ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ብንወርድም ነገሩ ያው ነው፤ የጊዶሌ አካባቢ ደራሼዎች ፊላ ሲነፉ እያንዳንዱ የያዘው የራሱን ጥቂት ድምፅ ነው፣ ተራውን ጠብቆ ጣል ያደርጋታል፣ ዜማው ከሰው ሰው እየዘለለ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ ይህቺን ነገር በልብህ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የነሐሱ ባንድ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከ። ሚሌቭስኪ የሚባል መምህርም ለቤተ መንግሥቱ ነፊዎች አሠለጠነ። ይህ ጅምር ጅምር ብቻ ሆኖ ቆየ ማለት ይቻላል። አንዱ እንቅፋት እኛው ራሳችን ነበርን። በዚያን ዘመን ጨዋ ነኝ የሚል ሰው ልጁ ጸሐፊ ወይም ወታደር እንዲሆንለት ይመኛል እንጂ «ነፊ» እንዲባልበት አይፈልግም። አዝማሪውን እያጨበጨብን ሸልመን፣ ልጃችንን ለአዝማሪ አንድርም የምንል ሕዝብ ነን። ይህ ንቀት እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የለቀቀን አይመስለኝም፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እገባለሁ ያለ ልጅ ቤቱ ምን እንደሚባል የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ።

በ1916 ዓ.ም. መስከረም ወር ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የዘውዲቱ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮጳ ጉብኝት ሲነሡ መጀመሪያ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ገቡ። ይህን ጊዜ ልብ በሉልኝ። አገሪቱ ከዓለም መንግሥታት ጋር እኩል ልትቀመጥ ገና ወንበር ስባለች። የዚያ ዘመን የመንግሥታት ሥርዓት ደግሞ ያለ ባንድ አይሆንም፤ እንግዳ ሲመጣ የእንግዳው መዝሙር ይነፋል፣ እንግዳው ተቀብሎ ሲሸኝ የባለቤቱ መዝሙር ይነፋል። ሰንደቅ ዓላማ ነበረን፣ ማኅተም ነበረን። ድምፅ ግን ገና አልነበረንም።

ኢየሩሳሌም ውስጥ የአርመን ፓትርያርክ መንበር ያለበት የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም አለ። አርመኖች ከኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናቸው፤ የኛ መነኮሳትም በቅድስት አገር በችግር በኖሩበት ረጅም ዘመን የአርመኖች እንጀራ ያልቀመሰ ጥቂት ነው። በዚያ ጊዜ ግን ገዳሙ ራሱ በወላጅ አልባ ልጆች ተሞልቶ ነበር። ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቀያቸው እየነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዳ፣ በመንገድ ያለቀው ሕዝብ ሲያልቅ፣ ከሬሳ መካከል የተረፉ ልጆች በየእርዳታ ድርጅቱና በየገዳሙ ተሰበሰቡ። ኢየሩሳሌም ከደረሱት አንዳንዶቹ የነሐስ መሣሪያ ተምረው ባንድ አቋቁመው ነበር። ደመወዝተኛ ሙዚቀኞች አልነበሩም። ወታደሮችም አልነበሩም። ዛሬ «አማተር» የምንለው ዓይነት ናቸው፤ ያውም ከሁሉም አማተሮች የባሰባቸው፣ ልምምድ ጨርሰው የሚሄዱበት ቤት የሌላቸው።

ራስ ተፈሪ ልጆቹን አዩ፣ ወደዷቸው። ከፓትርያርኩ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ልጆች በማደጎ ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። አሳቢነት ነው ወይስ ብልኅነት? ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ሁለት ተከፍለው ተከራክረዋል። አንዱ ወገን «ፊውዳሉ ሙዚቀኛ በርካሽ ገዛ» ሲል ሌላው «ለተራበ ልጅ ቤት መስጠት መቼ ወንጀል ሆነ?» አለ። እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ። ለወላጅ አልባ ልጅ መጠለያ ተሰጠ፤ ለመንግሥቱም ድምፅ ተገኘ። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

የልጆቹ መሪ ኬቮርክ ናልባንድያን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 በአይንታብ ተወለደ። አይንታብ በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ያለች፣ ብዙ አርመን የነበረባት ከተማ ነበረች፤ የከተማዋ አርመኖችም ከተነዱት ውስጥ ናቸው። ኬቮርክ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው ነበር። አርባ ልጆች ይዞ፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር።

አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይህ ቀን ለኛ ለአዳማ ልጆች ጉዳያችን ስለሆነ። በዚያን ጊዜ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ደህና መንገድ የጅቡቲ ባቡር ብቻ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም፤ መንገደኛው ድሬዳዋ አንድ ሌሊት፣ አዋሽ አንድ ሌሊት አድሮ በሦስተኛው ቀን ይገባል። እንግዲህ አስቡት። አርባ ልጆች የክረምት መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ከአዋሽ ተነሥተው፣ መተሐራን አልፈው፣ ፈንታሌን በቀኝ ትተው፣ በወለንጪቲ አድርገው፣ ወደ ሸዋ ደጋ መውጣት ሳይጀምሩ የሚያገኙት ዋና ጣቢያ የኛው አዳማ ነው። ያኔ ከተማ ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም። ስሙ አዳሚ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው፤ ቁልቋል ማለት ነው። ከኢየሩሳሌም የመጡ ልጆች ቁልቋል በሞላበት ሜዳ ላይ ቆመው ውኃ ጠጥተው ይሆናል። ያችው ጣቢያ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ናዝሬት ትባላለች፣ በ1992 ዓ.ም. ተመልሳ አዳማ ትባላለች። እነሱ ከእውነተኛይቱ ናዝሬት አገር መጥተው፣ ናዝሬት ልትባል ባለች ጣቢያ አልፈው ሄዱ። ይህ እንኳ ለግጥም የሚሆን ነገር ነበር፤ ግጥሙን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር አሮጌውን ጣቢያ ለማየት ሄጄ ነበር። የአሮጌው ባቡር ጡሩምባ ከቆመ ዘመን የለውም፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ አለው፣ ያውም ከከተማው ወጣ ብሎ። ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ድንች የምትጠብስ ልጅ «ፎቶ ልታነሣ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ በዚህ ያለፉ ሰዎችን እያሰብኩ ነው» ብላት አንገቷን ነቅንቃ ወደ ዘይቷ ተመለሰች። ልክ ነች።

አዲስ አበባም ብትሆን ገና ነበረች። ለገሃር የምንለው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ እንኳ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ «አርባ ልጆች» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ባንዱም የአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋ የመንግሥት ባንድ ሆነ። አንዴ ቆም ብለን ይህን ስም እናስተውለው። «የእገሌ ልጅ» በሚባልበት አገር የማንም ልጅ ያልሆኑ ልጆች መጡና ስማቸው ቁጥር ሆነ። ቁጥሩ ታሪክ ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ ግን አንድ በአንድ አልገቡም። ዛሬ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ «አርባ ልጆች» ብሎ ይጀምራል። ከአርባው የአምስቱን ስም ጥራ ቢባል የሚጠራ ሰው እኔ አላገኘሁም፤ እኔም አልጠራም።

የመሪው ሥራ ምን እንደነበረ ለማሰብ የነሐስ ባንድ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ትራምፔት ሦስት መጫኛ አለው፤ የቀረው ሁሉ ከንፈርና ትንፋሽ ነው። ከንፈር ከደከመ ድምፁ ይሰበራል። ትሮምቦን የሚነፋ ልጅ ክንዱ ካልደረሰለት ድምፁ ከሚፈለገው በላይ ከፍ ይላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። ትልቁን ባስ የያዘው ልጅ አንድ ጊዜ «ቡም» ብሎ ከዚያ ቆጥሮ ጠብቆ እንደገና «ቡም» ይላል። ዜማው የሱ አይደለም፤ ያለሱ ግን ዜማው እግር የለውም። እንቢልታውን ያስታውሷል! መሪ ማለት እንግዲህ አርባ ትንፋሽ በአንድ እጅ የሚይዝ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል የሚያውቅ ሰው ነው። የኛ ሰው መሪ ሲባል ፊት ፊት የሚሮጥ ይመስለዋል። የባንድ መሪ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ነው የሚቆመው።

ኬቮርክ ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ «ተፈሪ ማርሽ» የሚባለውን ዜማ ደረሰ። ግጥሙን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ፣ ኋላም ከመጀመሪያዎቹ የቴአትር ደራሲዎቻችን አንዱ የሆነ ሰው ነው። ኬቮርክ የአይንታብ አርመን፣ የነሐስ ባንድ ሰው። አማርኛ ደግሞ ለእንግዳ ሰው የማይመች ቋንቋ ነው፤ ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል። ዜማው የሚላላውን ካጠበቀ፣ «አለ» የሚለው «አለ» መሆኑ ይቀራል። ባለቅኔው መስማማት አለበት፣ ባለ ዜማውም መስማማት አለበት። መዝሙሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲዘምሩት የሰማ ሰው ቃሉና ዜማው ሳይጣሉ እንደኖሩ ይመሰክራል። ስለ ፖለቲካው የፈለገውን ይበል፤ ሥራው ሥራ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ይህ ዜማ የአገሪቱ መዝሙር ነበር። ለበዓሉ ከብዙ አገር የመጡ መልእክተኞች ሲሰሙት ድንቅ አላላቸው ይሆናል፤ እነሱ ባንድ የለመዱ ናቸው። እኔ ግን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። የራሱ አገር የጠፋበት ሰው ለሌላ ሰው አገር መዝሙር ሠራ። እርሱ በዚያ ዓመት የሚቆምለት የአርመን ነፃ መንግሥት አልነበረም፤ የነበረችው አጭር ሪፐብሊክ ከፈረሰች አሥር ዓመት ሊሆናት ነበር።

ልጆቹስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከፋኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባንዱ ተበተነ። ልጆቹ አድገው ነበር። ግማሹ ከአገር ወጣ፣ ግማሹ እዚሁ ቀርቶ ኑሮውን ተያያዘ። የክብር ዘበኛውን ባንድ አንድሬ ኒኮ የሚባል ስዊስ መምራት ጀመረ፤ መሣሪያውም ዩኒፎርም ለብሰው ወደሚያድሩ ወታደሮች እጅ ገባ። መንግሥት እንደዚያ ነው፤ የሚያስፈልገው ድምፁ ነበር፣ ድምፁን ካገኘ በኋላ ማን እንደነፋው አይጠይቅም። ኬቮርክ ግን አልሄደም። የጣሊያን ወረራ መጥቶ ሄደ፣ ንጉሡ ተሰደው ተመለሱ፣ እርሱ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚሁ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

የቀረውን በፍጥነት ልበል፤ ብዙ ሰው ያውቀዋልና። ከነፃነት በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁሉም የየራሱ ባንድ ነበረው። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች የክብር ዘበኛን አሠለጠነ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ፣ በፖሊሱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠራ፤ ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መመሥረትም እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተ። የነርሲስ ትልቁ ጭንቀት ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን፣ አሥራ ሁለት ድምፅ በሚያውቅ የነሐስ ባንድ ላይ እንዴት ሳይበላሹ አስቀምጣለሁ የሚል ነበር። የፈረንጅ አጃቢ ድምፅ ከደረብክበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል፤ ካልደረብክበት ደግሞ ሃያ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይነፋል። እንግዲህ የኛ ዘመናዊ ሙዚቃ የተባለው ነገር ግማሹ የዚህ ጭንቀት ውጤት ነው።

መልሱ ግን ከመሪው ብቻ አልመጣም። ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ የይፋት ልጅ ነው። ሽለላና ፉከራውን፣ ጀግና ጎራዴ ይዞ የሚያቅራራውን፣ በሳክስፎን ነፋው። ሳክስፎን ተሠርቶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ለዚህ አልነበረም! በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ሳይቀር አብሮ ሲነፋ ቆይቶ ነበር። «የፈረንጅ ዕቃ» ያልከው ጓደኛዬ፣ ይህን ሰምተህ ብትመጣ ክርክሩ ባጭሩ ይቋጭ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ክብር ዘበኛው ስለነበረ ሙዚቀኞቹም የመከራው ተካፋይ ሆኑ፤ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሯል። ነፊ መሆን እዚህ አገር መቼም ከመንግሥት ዕጣ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱ የኬቮርክም ዜማ አብሮ ወረደ። ቀጥሎ የመጣውን መዝሙር ዜማ ዳንኤል ዮሐንስ፣ አሁን የምንዘምረውን ደግሞ ሰሎሞን ሉሉ ደረሱት። ሁለቱም የአገር ልጆች ናቸው። ይህን ስል ደስ ይለኛል፤ ግን ደስታዬ ሙሉ የሚሆነው የመጀመሪያውም ሰው የአገር ልጅ ተብሎ ሲቆጠር ነው። ሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ እዚህ ኖሮ፣ እዚህ አስተምሮ፣ እዚህ የሞተ ሰው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው የኛ የሚሆነው?

ደርግ ሲመጣ የሆነው ነገር ለኛ ከተሞች ቅርብ ነው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ መድረክ ያላየ ከተማ አልነበረም። መፈክሩ በዛ፣ ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ደግሞ መሣሪያ ዳስሶ የማያውቅ ልጅ መሣሪያ ዳሰሰ። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ቀን ማሽን ላይ፣ ማታ ልምምድ።

ሄጄ አነጋገርኳቸው። «ጋሼ፣ ትሮምቦኑን ማን አስተማረዎት?»

«ከአዲስ አበባ አንድ የፖሊስ ባንድ ጡረተኛ መጥቶ ሦስት ወር አስተማረን። እሱን ያስተማረው አርመን ነው ይል ነበር። እኛ ደግሞ አርመን ማለት ጫማ ሰፊ ነበር የሚመስለን።»

«ለምን ቆመ ታዲያ?»

«ሰዓት እላፊ ነበራ! ማታ ሰው ካልወጣ ለማን ትነፋለህ? ኋላ ደግሞ ኪቦርድ የሚሉት መጣ። አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ትራምፔቱን በጣቱ፣ ትሮምቦኑን በጣቱ፣ ከበሮውን በጣቱ። አሥር ሰው ምን ይሠራል? መሣሪያው መጋዘን ገባ። እዚያው ዝጎ ቀረ።»

ይህ የእሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም። የኛ አገር የነሐስ ድምፅ ከካሴት ላይ እየሳሳ የሄደው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቱን ዘጋው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ተሰደዱ፣ ኪቦርዱ የቀረውን ተካው። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ድምፅ ሲይዝ እንቢልታው አለቀለት።

ስለ አርባ ልጆች ነገርኳቸው። ስለ ባቡሩ፣ በኛ ጣቢያ ስለ ማለፋቸው፣ ስለ ኬቮርክ። ዝም ብለው ሰሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ትሮምቦኑን የሚነፋው ልጅ ስሙ ማን ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እ…» አሉና ተነሥተው ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከጨርቅ ውስጥ አንዲት ጽዋ የምታክል ነሐስ አወጡ። ትሮምቦኑ ላይ ከንፈር የሚያርፍባት ጫፍ ናት፤ መጋዘኑ ሲቆለፍ እሷን ብቻ ይዘው ወጥተው ነበር። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓት። «ጥርስ የለኝም እንግዲህ» አሉ። ከንፈራቸው ላይ ገጥመው፣ ጉንጫቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ነፏት።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የጥጃ ድምፅ ይመስላል። ግን ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አልተሰበረም። ሁለተኛውን ሊነፉ ትንፋሽ ሲስቡ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የአዴ በር ተከፈተ። ነጠላቸውን እየደረቡ ብቅ አሉና፣

«ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» አሉ።